ዘመቻው ያልፋል፣ እምቦጩ ይቀራል

ስለ ጣና እምቦጭ መቐለ ተቀምጦ መጻፍ በሰው ጉዳይ መግባት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ከአሥር ዓመት በላይ የታገለው አረም ታሪክ፣ እኛ በበለሳችን ላይ ካየነው ጋር በብዙ ይመሳሰላል። ነገ በራሳችን ግድብ ላይ ላለመታየቱም ዋስ የሚሆነን የለም።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። መልኩ ያታልላል። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ በላይኛው ክንፉ መሐል ቢጫ ነጥብ ያለበት ነው። ወደ ብዙ አገሮች የገባውም ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። አንዱን ከውሃ አንስተው ቢያዩት አገዳው ከታች አብጧል፤ ሲሰብሩት ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ አየር የቋጠረ ነው። የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው። ከታች ደግሞ ጥቁር ሥሩ ተንጠልጥሎ ከውሃው ውስጥ ምግቡን ይለቅማል። ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ።

ጣና ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መባቻ ነው። የሰፈረውም ውሃው ጥልቀት በሌለበት በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ መገጭና ርብ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት በኩል ነው። የዚያ አካባቢ ሰው ኑሮ ከውሃው መምጣትና መሄድ ጋር የተሳሰረ ነው። ክረምት ሐይቁ ይሞላል፤ በበጋ ሲሸሽ ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለውን መሬት ይዘራበታል፤ ከብቱም እርጥቡ ላይ የበቀለውን ሣር ይግጣል። እምቦጩ ደግሞ ከሙላቱ ጋር ወደ ዳር ይገፋና ውሃው ሲሸሽ ማሳው ላይ ተኝቶ ይቀራል። እናም ገበሬው ሞፈሩን ከማንሳቱ በፊት አረም ሲጎትት ይከርማል። አሣ አጥማጁም ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣበትን ዳርቻ ይነጠቃል። የደንገል ታንኳ እንኳን ሊቀዘፍ፣ መግቢያም አያገኝ።

ዘመቻ ጎድሎ አያውቅም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የኦሮሞ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ከሩቅ መጥተው አረም ነቅለዋል፤ ያን ያየ ሁሉ ልቡ ተነክቷል፣ የእኔም። ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁና በመንሽ ነቅሏል። በባሕር ማዶ ወገን ገንዘብ የተገዙ፣ እዚሁ አገር ውስጥም የተሠሩ ማሽኖች መጥተዋል፤ በመለዋወጫና በነዳጅ ችግር መቆማቸውም በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በጥቅምት 2013 ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። በዚያው ወር፣ ጥቅምት 25፣ የትግራዩ ጦርነት ተነሣ። ከዚያ በኋላ እዚህም ሆነ እዚያ የሐይቅ አረም ማን ያስታውሳል? እምቦጩ ግን የሰውን ጉዳይ አልጠበቀም፤ በየሁለት ሳምንቱ ሥራውን ቀጠለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ለዘመቻ ያለን ፍቅር ነው። ዘመቻ ፎቶ አለው፣ መክፈቻ ንግግር አለው፣ የተነቀለው በሄክታር ይቆጠራል። የተነቀለው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳር ላይ ተከምሮ የቀረ እምቦጭ ክረምቱ ሲመጣ ውሃው መልሶ ሊወስደው ይችላል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት የሚቆይ ባላንጣ ላይ የአንድ ወር በጀት መመደብ ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ አይገባኝም።

ለእምቦጩ ቀለቡን የሚያመጡለት ደግሞ ወንዞች ናቸው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን ይሸፍናሉ፤ ከውሃው ጋር የታረሰውን ተዳፋት አፈርና ማዳበሪያውን፣ በመገጭ በኩል ደግሞ የጎንደርን ከተማ ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ዑጋንዳና ኬንያ እምቦጭ የምትበላ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለቀው አረሙ በጥቂት ዓመታት በእጅጉ ቀንሶላቸው ነበር። በኬንያ በኩል በኪሱሙ አጠገብ ያለው ባሕረ ሰላጤ ግን በኋላ መልሶ በአረም ተሸፈነ። ከከተማውና ከእርሻው የሚወርደው ምግብ አልተቋረጠማ!

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በለስ ራሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው፤ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ግን ለምዶን፣ ለምደነው፣ አዝመራው ገና ሳይደርስ ጎተራ በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ ስንቱን ቤት አሻግሯል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በበለሱ ላይ የምትኖር ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት ገባች፤ ቀይ ቀለም ታመርታለች፣ ወደ ውጭ ተልኮ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ነበር። ራያና ሕንጣሎ ወጀራት የሄደ ሰው ውጤቱን አይቶታል። የበለሱ ቅጠል ነጭ ሰም በለበሰ ነገር ይሸፈናል፤ በጣት ጨፍለቅ ሲያደርጉት ደማቅ ቀይ ይፈሳል። እሱ ነው የታለመው ሀብት። ለቃሚና ገበያ ባለበት ሀብት ነው፤ ለቃሚው ሲበተን ግን በለሱን አድርቆ ወደሚቀጥለው ኮረብታ ይሻገራል። ነፍሳቷን የሚያስገባ አልጠፋም፣ ስታመልጥ የሚከታተል ባለቤት ግን አልተመደበም ነበር።

መቼም ትግራይ ለጣና የምታካፍለው ትምህርት ካላት ከተራራው ላይ ነው። እዚህ ገበሬው በየዓመቱ በበጋ ወራት ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፣ የተጎዳ ተዳፋት ከከብት ይከለላል። በውቅሮ አጠገብ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሓ መንደር በዚህ ሥራ ምንጯ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች። ይህም ዘመቻ አይደለም ወይ ቢሉኝ፣ ነው፤ ልዩነቱ በየዓመቱ መመለሱና ከብቱን ወደ ክልሉ ያስገባን ሰው የሚቀጣ የመንደር ደንብ መኖሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ያም ተጎድቷል። መብራት በተቋረጠባቸው የጦርነትና የከበባ ወራት ከተማችን በማገዶና በከሰል አብስላ ነው የከረመችው፤ ዛፉ የተቆረጠው ከእነዚሁ ተዳፋቶች ነው።

ይህ ሁሉ፣ ተዳፋቱም አረሙም፣ ከግባ ግድብ ጋር ይገናኛል። የመቐለን የውሃ ጥም ለማርካት በቻይና ብድር ተጀምሮ በጦርነቱ የተቋረጠው ይህ ግድብ ከሱሉሕና ከገንፈል የሚወርደውን ውሃ የሚይዝ ነው። ብዙ የሚወራው ስለ ኮንክሪቱና ስለ ቱቦው ነው፤ ትክክል ነው፣ ሰው ውሃ ጠምቶታል፣ የዓይናለም ጉድጓዶች ብቻቸውን አይበቁትም። ሆኖም የቆቃን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ፤ በአገራችን እምቦጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ የሚባለው እዚያው በ1965 ነው። አምስት ዓመት! አባ ሳሙኤል ደግሞ የአዲስ አበባን ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች በኩል እየተቀበለ ዓመታት በእምቦጭ ተሸፍኖ ኖሯል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች ነው። ግባ ሲሞላ አሣ አጥማጅ ይመጣል፤ ይምጣም። ከሌላ ሐይቅ ያገለገለ መረብና ጀልባ ይዞ ሲመጣ የእምቦጭ ቁራጭ፣ ዘሩም በጭቃ ተጣብቆ አብሮ ሊመጣ ይችላል። መረቡን አጥቦና አድርቆ ማስገባት ብዙ ወጪ የለውም፤ ዳርቻውን በየሳምንቱ እየዞረ የመጀመሪያዋን ሐምራዊ አበባ ሳትበዛ የሚነቅል ሁለት ሦስት ሰው መቅጠርም እንዲሁ። ይህ የማን ሥራ ነው? የውሃ ቢሮ ወይስ የግብርና? ግድቡ ሳይሞላ በስም ተለይቶ፣ ደመወዙም በመደበኛ በጀት ተይዞ ቢነገረን።