«መታመምህን አስመስክር፤ ጤነኛ መሆንህንም አስመስክር!»

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ሁለት በር ያንኳኳል። አንደኛው የካሣና የጡረታ መሥሪያ ቤት በር ነው። እዚያ «መታመምህን አስመስክር» ይሉታል። ሁለተኛው የአሠሪ በር ነው። እዚያ ደግሞ «ጤነኛ መሆንህን አስመስክር» ይሉታል። ለመሆኑ ይህ ሰው በየትኛው አንደበቱ ይናገር? ለአንደኛው በር የሰጠው ቃል በሁለተኛው በር መክሰሻ ቢሆንበትስ ማን ይፈርድለታል? ጥያቄውን የምናነሣው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን የሠራተኛ አስተዳደር ሹም፣ ሐኪምና ዳኛ የምንሆነው እኛው ነን፤ ከሁለተኛው በር ኋላ የሚቀመጡትም እኛው ነን።

ነገሩን ከአሜሪካ እንጀምር፤ በዚህ ጉዳይ በሕግና በመዝገብ ረጅም ክርክር የተካሄደው እዚያ ነውና። (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪሞች ሕመሙን የመድፍ ድንጋጤ ሲሉት፣ ብዙ አዛዦች ግን ፈሪነት ይሉት ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዛሬ ፒቲኤስዲ የሚባለውን ስም በመዝገቡ ያሰፈረው በ1980 ነው፤ ይኸውም የቪየትናም ዘማቾች ከጥቂት ሐኪሞች ጋር ተባብረው ከታገሉ በኋላ ነው። በእኛ አነጋገር ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቀር የአእምሮ ቁስል ማለት ነው። ቅዠት፣ መባነን፣ ሰው መሸሽ፣ በር በሩን ማየት፣ ብረት ሲወድቅ ልብ መውደቅ ምልክቶቹ ናቸው። (በምግብ አዳራሻችን ሰሃን በወደቀ ቁጥር የሚያጨበጭበው ወንድማችን ይህን ልብ ይበል።)

ካሣ የሚጠይቅ ዘማች ሦስት ነገር ማቅረብ አለበት፤ ሕመሙ በሐኪም መታወቁን፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰበትን ነገርና ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን። ሁለተኛው ብዙዎችን አሰናክሏል። በውጊያ መዋሉ በመዝገብ ያልተጻፈለት ሾፌር ወይም ወጥ ቤት፣ የጭነት ጓዙ በመንገድ ላይ በጥይት ሲታጨድ ያየውን በምን ወረቀት ያስረዳ? ይህ እንቅፋት የላላው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ የዘማቹ ቃል ካገለገለበት ቦታና ሁኔታ ጋር ከተስማማና የመንግሥቱ ሐኪም ካጸናው በቂ ማስረጃ ሊሆን ቻለ።

እንግዲህ ወጥመዱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ካሣው የሚለካው በመቶኛ ነው፤ ከ0 ጀምሮ 10፣ 30፣ 50፣ 70 እያለ 100 ይደርሳል። መለኪያው ምንድን ነው? ሰውየው ለሥራና ለማኅበራዊ ኑሮ ምን ያህል እንዳይመች ሆኗል የሚለው ነው። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በቆየው ደንብ፣ ለ70 በመቶ ከተዘረዘሩት ምልክቶች መካከል ያለ ምክንያት መቆጣትና አንዳንዴም ወደ ጠብ መሄድ፣ በሥራ ቦታ ውጥረት መሸነፍም ይገኛሉ። ዘማቹ ለልጆቹ ዳቦ ሲል በዚህ ወረቀት ላይ ይፈርማል። በማግሥቱ ይህንኑ ወረቀት የሰማ የሥራ ባልደረባ «ይህ ሰው አንድ ቀን ይፈጀናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምንም አልሆነም፣ አበል ለመብላት ነው» ይላል። ሁለቱ ሐሜቶች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆነው ሳለ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከአንድ አፍ ይሰማሉ!

አታላይ የለም አንልም። ገንዘብ ባለበት ሁሉ አታላይ አይጠፋም። ዳሩ ግን የጥርጣሬው መጠን ከእውነቱ ጋር ይመጣጠናልን? በ2005 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሙሉ ካሣ ያገኙ 72 ሺህ የሚያህሉ መዝገቦችን እንደገና እመረምራለሁ ብሎ ተነሣ። አስቀድሞ በናሙና የታዩት 2,100 መዝገቦች ሲፈተሹ የተገኘው ጉድለት የጽሕፈት ቤቱ የራሱ፣ የጠፋ ወረቀትና ያልተሟላ ፋይል እንጂ ማጭበርበር አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ምርመራው ተሰረዘ። የጸሐፊው ስንፍና በወታደሩ ላይ እንደ ሌብነት ሊቆጠር ምንም አልቀረውም ነበር።

አደገኛ ነው የሚለውም እንዲሁ በጅምላ የሚነገር ነው። በ1980ዎቹ በቪየትናም ዘማቾች ላይ የተደረገው ታላቅ ጥናት በዚያን ጊዜ ሕመሙ የነበረባቸው ወንዶች ዘማቾች 15 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ግን አብዛኞቹ ከዚያ ውጭ ነበሩ። ከታመሙትም ውስጥ ስንቱ በዝምታ ሥራውን ሲሠራ ኖረ!

አሠሪውስ ምን ያድርግ? የሥራ ባልደረቦቹም ሳይፈሩ የመሥራት መብት አላቸው፤ ይህን የሚክድ ሰው ለዘማቹ ጠበቃ ሊሆን አይችልም። ወታደሩም ቢሆን የትእዛዝ ልማዱን ይዞ ቢሮ ሲገባ፣ ሰላማዊውን ሰው ሁሉ ሰነፍና ወሬኛ አድርጎ ሲያይ ጠብ ይወለዳል። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ እዚህ ላይ አስተዋይ ነው። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ሥራ ሳይሰጥ በፊት ስለ ሕመም እንዳይጠይቅ ይከለክለዋል፤ በሥራ ላይ የታወቀውንም የሕክምና ነገር በምሥጢር እንዲይዝ ያዘዋል። አደገኛ ነው ብሎ ለማባረር የዚያን ሰው ሁኔታ በማስረጃ መመርመር አለበት፤ የሕመሙ ስም ብቻ አይበቃም። ለሌላው ሠራተኛ የሚሠራው የሥነ ሥርዓት ደንብ ግን ለእርሱም ይሠራል። ጀርባው ወደ ግድግዳ እንዲሆን ወንበሩን ማዞር፣ ለሕክምና ቀጠሮ ሰዓት መፍቀድ፣ ትእዛዝን በጩኸት ፈንታ በጽሑፍ መስጠት ስንት ብር ያስወጣል?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ወደ ሰላማዊ ኑሮ ተመለሰ፤ የተቋቋመው ኮሚሽንም ስንቅ፣ መጓጓዣና የእርሻ መሣሪያ ሰጠ። ያ ትውልድ በየበሩ ዘበኛ ሆኖ፣ በየመንገዱ መኪና እየነዳ ሲባንን አደረ። በኅዳር 2022 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ደግሞ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። እነዚህ ሰዎች የየትኛውም ወገን ቢሆኑ ነገ ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን ወጊውና ተወጊው በአንድ መጋዘን ጎን ለጎን ጆንያ ሊሸከሙ ነው።

አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ በእኛው አቆጣጠር የ2000 ዓ.ም. አዋጅ፣ አካል ጉዳተኛ ሲል የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። እግሩ የተቆረጠውን ሰው ሁሉም ያየዋል። ሌሊት የሚጮኸውን ግን አዋጁ እንደሚጠብቀው ስንቱ የፐርሶኔል ሹም ያውቃል? እኛ የምንጠይቀው ይህ ነው፦ በመሰናበቻ ወረቀት ላይ የሕመም ስም አይጻፍ፤ ካሣ የሚሰጠው ወገን የያዘው የሕክምና መዝገብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አሠሪ እጅ አይግባ። የሕግ ተማሪዎቻችን አዋጁን በቀላል ቋንቋ፣ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም ጽፈው በየቀበሌው ይለጥፉ። ወረቀቱንና ማባዣውን ማኅበሩ ይቻል።