ከማደያው የቆመችው ባለቤትህ

ሠራዊቱ ለግዳጅ በወጣ ቁጥር ከመኖሪያ ሠፈሮች የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ባል ግንባር ነው፤ ደመወዙ ወር ጠብቆ ይደርሳል፤ ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ደብተርና ለአስቤዛ ተከፋፍሎ ግን ወር አያደርስም። ሚስት በአቅራቢያ ባለ ነዳጅ ማደያ የቀጂነት ሥራ ታገኛለች። ባል ይህን በስልክ ሲሰማ ይቆጣል፤ የወታደር ሚስት እንዴት አደባባይ ቆማ ለወጪ ወራጁ ነዳጅ ትቀዳለች ይላል። በዚህ አምድ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ትቅዳ። ምክንያታችን ግን ረዘም ይላል።

ነዳጅ ምን እንደሆነ ለወታደር ማስረዳት አያሻም። ኦራሉ ቆሞበት ውሃና ጥይት በትከሻው ያጋዘ ሁሉ ያውቀዋል። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ነዳጅ አብዛኛው የሚነሣው ከጅቡቲ ነው። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ዋናው በር አሰብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። ቦቴዎች ከዶራሌ ማከማቻ ሞልተው በጋላፊ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከሚሌም ወደ መሐል አገር ያመራሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው በካሳጊታና በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ በተጠጋ ጊዜ፣ የዚያ አንድ ጎዳና መቆረጥ ለማደያዎቻችን ምን ማለት እንደሆነ ያልተረዳ አልነበረም።

ጅቡቲ ራሷ የመንገድ መቆረጥን ታውቃለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገዥዋ ለቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆኖ በመጽናቱ እንግሊዞች በባሕርም በየብስም ዘጉባት። እገዳው እስከ እ.ኤ.አ. 1942 መጨረሻ ዘለቀ። ምግብ ጠፋ፤ ብዙ ነዋሪ ከተማውን ለቆ ወደ ገጠር ሄደ። ሰው ለከብት የሚሰጠውን ሻካራ ማሽላ በላ፤ ያ ዘመንም በማሽላው ስም «ካርሚ» ተብሎ ቀረ።

የዛሬዋን ጅቡቲ ያየ የቦቴ ሾፌር፣ ሕዝብ በሚበዛበት በቡላኦስ ሠፈሮች ካለፈ፣ በመጀመሪያ የሚያወጋው ስለ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ሴቶቹ። መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ፍራንክና ዶላር የሚመነዝሩት ሴቶች ናቸው። ከአገራችን የሚገባውን ጫት የሚቸረችሩትም እነርሱው ናቸው። በዚያ ሁሉ ግርግር ገንዘብ ሲቆጥሩ የሚውሉ ሴቶች በዚያ ከተማ የዕለት ተዕለት ነገር ናቸው። እንግዲያስ ያው ሾፌር ጭነቱን ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲያራግፍ፣ የዚያን ነዳጅ ቱቦ ሴት ብትይዘው ነውሩ ከየት መጣ? በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ዛሬ ከቀጂዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውንስ ማን ያጣዋል?

ጦርነት ሴቶችን ወደ ማደያ ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ብሪታንያ ጦርነት በገባች በዚያው ወር፣ በእ.ኤ.አ. መስከረም 1939፣ ቤንዚንን በራሽን አደረገች፤ በታኅሣሥ 1941 ደግሞ ያላገቡ ወጣት ሴቶችን በሕግ ለብሔራዊ አገልግሎት ጠራች። በአሜሪካ ራሽኑ በ1942 በምሥራቅ ግዛቶች ተጀምሮ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መላ አገሪቱን ሸፈነ። የሚገርመው፣ በዚያ ሰፊ አገር በአመዛኙ ያጠረው ጎማ ነበር፤ ጃፓን የእስያን የጎማ ተክል አገሮች ስለያዘች መኪና እንዳይነዳ በቤንዚኑ በኩል ታጠረ። ተራው ባለመኪና መጀመሪያ ላይ በሳምንት 4 ጋሎን፣ ማለት 15 ሊትር ያህል ነበር የሚያገኘው። ወንዶቹ ሲዘምቱ በየማደያው ሴቶች ገቡ። ኩፖን ተቀብሎ ከመኪናው ሰሌዳ ጋር ማስተያየትም በማደያ የሚቆም ሰው ሥራ ነበር። ይህ እንግዲህ ቱቦ ከመያዝ ያለፈ ነው፤ የአገሪቱን የጦር ጊዜ ሕግ በየመኪናው ደጃፍ ማስከበር ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃስ? የአሜሪካ ሕግ ለተመላሽ ወታደር የቀድሞ ሥራውን ይመልስለት ነበር፤ ይህ የዘማች መብት ነውና አንነቅፈውም። የዚያ አገር የሠራተኛ ሴቶች ቢሮ በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ በ10 የጦር ምርት አካባቢዎች ሴቶችን ሲጠይቅ ግን ከ4ቱ 3ቱ ያህል ሥራቸውን መቀጠል እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ብዙዎቹ ተሰናበቱ። በችግር ቀን «ነይ» ተብሎ በደኅና ቀን «ሂጂ» መባልን እኛ ለባለቤቶቻችን አንመኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ የምር አደጋው ከሰው ዓይን ይልቅ እዚያ ነውና። በየማደያው የምንሰማው ትልቁ እሮሮ ጉድለት ነው። ሂሳብ ጎደለ ተብሎ ከቀጂዋ ደመወዝ ይቆረጣል። ነዳጅ ግን ሌባ ሳይነካውም ይጎድላል። ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ከ1,000 ሊትር 1 ሊትር ያህል ይኮማተራል። በጅቡቲ ሐሩር በ40 ዲግሪ የተጫነ 40,000 ሊትር በደጋ 20 ዲግሪ ላይ ሲለካ 800 ሊትር የሚጠጋ አንሶ ይገኛል። የነዳጅ ባለሙያ ይህን በሠንጠረዥ ያርመዋል፤ ችኩል ኃላፊ ግን ፊት ለፊቱ የቆመችውን ሴት ያያል። ስለዚህ እኅታችን ሆይ፣ የምትጠየቂው በፈረቃሽ የፓምፑ ቆጣሪ ባሳየው ሊትር እንጂ ከመሬት በታች ባለው ታንከር ልክ አይደለም። ስትገቢም ስትወጪም ቆጣሪውን አንብቢ፤ ቁጥሩን ከተረካቢው ጋር ተፈራረሙበት፤ አንድ ቅጂ አንቺ ዘንድ ይቅር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በሌሎች ከተሞች ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን መደረጉ ከሐሰተኛ ብርና ከሌሊት ጥሬ ገንዘብ ሥጋት አሳርፏል፤ የቆጣሪውን ፊርማ ግን አይተካም።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከፓምፑ ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚነድ የቡና ከሰል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። የሥራ ልብስሽን ከቤት ምድጃ አርቀሽ ስቀዪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሌላ ምድብ ጠይቂ፤ ያንን ትነት ዘወትር መተንፈስ ለጤና አይበጅም።

ለወንዶቹም የምንለው አለን። መለዮ ለብሶ ወረፋ የሚጥስ፣ «ቶሎ በይ» እያለ በቀጂዋ ላይ የሚጮህ ወታደር አለ። የግዳጅ ትእዛዝ የያዘ ወረቀቱን አሳይቶ ይቀዳል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቅ። በሌላ ከተማ ያለች ያንተ ባለቤት በዚያች ሰዓት ለሌላ ባለ መለዮ ትቀዳ ይሆናል።

በፈቃድ የምትመጣ ወንድማችንም ሚስትህን ፈረቃ ላይ ብታገኛት አትጣራ፤ ሽንኩርቱን ልጥ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጣ። እናትየዋ የሌሊት ተረኛ በሆነች ጊዜ፣ አባትም ግንባር ሲሆን፣ ልጆቹ ማን ዘንድ ይደሩ የሚለው ገና መልስ አላገኘም። በመኖሪያ ሠፈሮቻችን ተራ ገብተው የጎረቤት ልጅ የሚያሳድሩ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ አሠራራቸውን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ አምድ እናቀርባለን።