ራዲኪዮ ከጎመናችን ጎን

በሹክ ቀይ ቅጠሉ ነጭ ጅማት ያለው፣ ጥቅል ጎመን የሚመስል ትንሽ አትክልት አይታችሁ ይሆናል። ራዲኪዮ ይባላል። ጣሊያኖች በትሬቪዞና በኪዮጃ የታወቁበት የክረምት ሰብል ነው። ለዚህ አፈርም እንግዳ አይደለም፤ የዱር ዘመዱ ዖሌሽ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል፣ ሚሽናም ለፋሲካ ከሚፈቅዳቸው መራራ ቅጠሎች ይቆጥረዋል።

እዚህ አገር ዝናቡ ከብርዱ ጋር ስለሚመጣ፣ በሱኮት ሰሞን የተተከለ ችግኝ ብዙ የቧንቧ ውሃ አይጠይቅም። ብርዱ ቅላቱን ያደምቀዋል።

«ይመራል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይመራል! ጌሾና ቡና የለመደ ምላስ ግን በዚህ አይደነግጥም። ተከትፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ይለዝባል፤ እንደ ጎመን በሽንኩርትና በዘይት ቢበስልም ይጥማል (ቀይ መልኩ ቢጠፋ አትገረሙ)።

«ጎመናችን አይበቃንም ወይ?» ለሚል፣ ጎመኑን ማን ይንቀል አለ? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በጎንደርና በትግራይ ሞፈር ጨብጠው የኖሩ አያቶች ፎቅ ላይ ተዘግተው ሲውሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው ምንም የማያውቁ ይመስሏቸዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የአትክልት ቦታ አለ። አያት መደቡን ያዘጋጅ፣ ልጅ ይትከል፣ መምህሯም ከእርሱ ትማር። ከበዓላቱ በፊት ርእሰ መምህሩን አንድ መደብ እንጠይቅ።