ርእሰ አንቀጽ፦ ቆጣሪው አንድ፣ ምድጃው አራት



አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ይገመት የነበረው የበካይ ጋዝ ልቀት ምንም ካልተደረገ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚያሻቅብ ተሰልቶ ነበር። እንዲህ ያለው ስሌት ሞዴል ይባላል። ወደ ቤታችን ሲመጣ፣ አንድ ቤተሰብ ስንት መብራት፣ ስንት ከሰል፣ ስንት ውሃ ይፈጃል ብሎ ገምቶ በቤተሰብ ብዛት ማባዛት ነው። ግምቱ ከተሳሳተ መመሪያውም አብሮ ይሳሳታል።

እስቲ የኛን ግቢዎች እንይ። በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት አባወራ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል፤ በመዝገብ ግን አንድ ደንበኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 5 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይበላል። አራት ቤት በሳምንት ሁለቴ ቢጋግር፣ በአራት ሳምንት 160 ገባ ማለት ነው፤ ለየቤቱ ሲካፈል ግን 40 ብቻ ነው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር በመሆኑ፣ አራት ቆጣቢዎች ተደምረው እንደ አንድ አባካኝ ይከፍላሉ።

ውሃውም ያው ነው። ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛ ሰው ፍጆታው የሚጻፈው በሻጩ ቆጣሪ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የምታንጠባጥብ ቧንቧም በቀን 20 ሊትር ግድም፣ ማለትም አንድ ጀሪካን፣ በከንቱ ታፈሳለች።

ከሰሉ ደግሞ ጭራሽ ቆጣሪ የለውም። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ግድብ ስለሚመጣ ልቀቱ ጥቂት ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ግን ሲነድ 3 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በባህላዊው አከሳሰል ያቺን አንድ ኪሎ ለማግኘት ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። «ከሰል ተዉ» ማለት ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ወጡ በምን ይሠራ? ይህን በቁጥር ማስረዳት የምንችለው እኛው ነን።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ወር በየእሑዱ አራት ነገር እንዲጽፍ እናሳስባለን፤ በቆጣሪው ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀም፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የተቀዳውን ጀሪካን፣ የተገዛውን ከሰል በኪሎ። ስም አይጻፍም። ኮሚቴው ደምሮ ውጤቱን በዚሁ ሰሌዳ ይለጥፋል፤ ለወረዳውም ያቀርባል። ቆጣሪ ይለየን የሚለው የቆየ ጥያቄያችን ያን ጊዜ ማስረጃ ይኖረዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና እርሳስ አንሡ!