ካፖርቱ ገና ይቆይ

እንዴት ከረማችሁ? «ከረማችሁ» ማለታችን ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ክረምቱ ገና እንዳልወጣ እኛም እናውቃለን። ችግሩ የዚህ አገር ክረምት የሚወጣበትን ቀን ራሱም አለማወቁ ነው። ሰኞ ዕለት ፀሐይዋ ፏ ብላ ትወጣና ልጆች በቲሸርት ይሮጣሉ፤ ምግብ ቤቶቻችንም ውጪ ወንበር መደርደር ያምራቸዋል። ማክሰኞ ነፋሱ ተነሥቶ ጃንጥላውን ይገለብጣል። ረቡዕ ደግሞ መኪናው ላይ የወረደውን በረዶ ስንፍቅ እናረፍዳለን። አገራችን ለቱሪስት ስትተዋወቅ «የ13 ወር ጸጋ» ስትባል ኖራለች። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ግን በየካቲት መጨረሻ 13ቱንም ወር በአንድ ሳምንት አጭቃ ታሳየናለች።

ይህን ነገር አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ማስረዳት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በየካቲት ወር ደውለን «ክረምቱ አስቸገረን» ስንል፣ እናቶቻችን «በየካቲት? ምን ያለው ዝናብ ነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የእነሱ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል። «ኧረ በረዶ ነው የወረደብን» ስንላቸው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር በረዶ እያሰቡ «ጣራችሁን አልበሳውም?» ብለው ይደነግጣሉ። አማርኛችን አመዳይ የሚል ቃል አለው፤ ግን «አመዳይ ወረደ» ብንል ከሁለት ሰው አንዱ አይገባውም። ተስፋ ቆርጠን «ስኖው ነው» ስንል መልሱ «እሱ ደግሞ ማነው?» ይሆናል። ስልኩ በዚሁ ይዘጋል።

ፈረንጆቹ ስለ ማርች ወር ሲተርቱ፣ እንደ አንበሳ ገብቶ እንደ በግ ይወጣል ይላሉ። እኛ አንበሳ ብርቃችን አይደለም፤ እያገሣ የሚመጣውን እናውቅበታለን፤ በር ዘግተን እንጠብቀዋለን። የሚያስቸግረን እንደ በግ ለስልሶ መጥቶ ካፖርታችንን ያስወለቀን ፌብሩዋሪ ነው።

የዚህ አገር ሰው ጉዳዩን ለአንድ አውሬ አስረክቦታል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፐንክሰታውኒ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከ1887 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው) ፌብሩዋሪ 2 ቀን በጠዋት ሕዝብ ይሰበሰባል። ረጃጅም ባርኔጣ የደፉ ትልልቅ ሰዎች ፍልፈል የሚመስል ድብልብል እንስሳ ከጉድጓዱ ያወጣሉ። ስሙ ፊል ነው። ጥላውን ካየ ብርዱ ሌላ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ካላየ ጸደዩ ቀረበ ማለት ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች መዝገብ አገላብጠው ሲያዩት ፊል ከግማሽ በላይ ጊዜ ይሳሳታል። ይህን ያህል ተሳስቶ ከሥራው ያልተባረረ ባለሥልጣን ስናይ አገራችን ትዝ ብትለን አይፈረድብንም።

ለነገሩ ሰዎቹም ከፊል ብዙ አልተሻሉም። እስከ 1933 ድረስ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት ማርች 4 ቀን ነበር። በ1909 ዊሊያም ታፍት ሥልጣን ሲረከቡ የመንግሥቱ የአየር ትንበያ ቢሮ ቀኑ ብሩህ እንደሚሆን ተናገረ። ሌሊቱን ዋሽንግተን ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወረደ፤ ነፋሱ ዛፍና የስልክ እንጨት ጣለ፤ በዓሉም ተነሥቶ ወደ ሴኔቱ አዳራሽ ገባ። ዛሬ ሳተላይትም ኮምፒዩተርም አለ፤ ትንበያውም ከዚያን ዘመን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ወሩ ግን ያው ጥንት የምናውቀው ወር ነው።

የወሩ ዋና ተታላዮች ደግሞ እኛ አይደለንም፤ የቼሪ ዛፎቹ ናቸው። በ1912 የቶኪዮ ከተማ 3,020 የቼሪ ዛፎች ለዋሽንግተን በስጦታ ላከች። አበባቸው የሚፈካበት ቀን በየዓመቱ ይመዘገባል። ከሁሉ የቀደመው በ1990 ማርች 15 ነበር፤ ከሁሉ የዘገየው በ1958 ኤፕሪል 18። ከወር በላይ ልዩነት! እነዚህ ዛፎች እንኳ በቀጠሮ አከባበር ከኛ አይሻሉም ማለት ነው። በ2017 ፌብሩዋሪው ያለ ወትሮው ሞቀ። ዛፎቹ ጸደይ የገባ መስሏቸው እንቡጣቸውን አወጡ። በማርች አጋማሽ ውርጩ ተመልሶ መጣና፣ ዮሺኖ የሚባሉት ዛፎች ሊፈኩ ከተዘጋጁት አበቦች ግማሽ ያህሉን አቃጠለባቸው። በዚህች ከተማ ከ100 ዓመት በላይ የኖረ ዛፍ እንዲህ ከተሞኘ፣ ባለፈው ሴፕቴምበር በዲቪ የመጣ ወንድማችን ምን ይፈረድበታል?

በአንዱ ምግብ ቤታችን የሰማነውን እናጫውታችሁ። ቴርሞሜትሩ 70 ያለበት የፌብሩዋሪ ቀን ነው፤ በኛ አቆጣጠር 21 ዲግሪ መሆኑ ነው። አንድ ጎረምሳ በስስ ሸሚዝ ገብቶ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ሽሮ የሚበሉ አዛውንት አየ።

«ጋሼ፣ አይሞቅዎትም?»

«ይሞቀኛል እንጂ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አያወልቁትም?»

«ሥራ የምወጣው በሌሊት ነዋ!»

ጎረምሳው ሳቀ። ማታ ነፋሱ ሲነሣ የሳቀው ማን እንደሆነ አልሰማንም፤ መገመት ግን አይከብድም።

ነፋሱ የሚመጣበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። በዚህ ወቅት ደቡቡ መሞቅ ጀምሯል፤ በሰሜን ካናዳ ግን ገና በረዶ እንደለበሰች ናት። ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር ሲጋጠሙ በመካከላቸው ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ይሰፋል። አየር ደግሞ እንደ ውሃ ነው፤ ከበዛበት ወዳነሰበት ይፈሳል። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ፍሰቱ ይበረታል። ብዙ ጊዜ የሞቀው ቀን ማግስት የሚብሰው ለዚህ ነው። የትናንቱ ሙቀት ስጦታ ሳይሆን ብድር ነበር፤ ነፋሱ ደግሞ ከነወለዱ ሊያስከፍል ይመጣል።

ትልቁን ነፋስ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2018 ማርች 2 ቀን፣ በኛ የካቲት 23፣ የዓድዋ በዓል ዕለት ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነፋሱ በሰዓት እስከ 71 ማይል፣ ማለትም 114 ኪሎ ሜትር ድረስ ነፈሰ። በዋሽንግተን አካባቢ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ። በረዶ ሳይወርድ፣ በነፋስ ብቻ! አንዳንድ ወገኖቻችን «መንግሥት በመጨረሻ ዓድዋን ሥራ ዘግቶ አከበረልን» ብለው ቀለዱ። ደለስ ያረፈ የአንድ አነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ባስተላለፈው ሪፖርት፣ ተሳፋሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዳስመለሰው፣ አብራሪዎቹም ለጥቂት እንደተረፉ ተናግሯል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞችም መብራት ጠፍቶባቸዋል። እዚህ ላይ ቀልዱን ለጊዜው አቁሙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እኛ ሐበሾች ከነፋስ ጋር ያለን ጠብ የቆየ ነው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ 60 ሰው ተጠቅጥቆ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዱ መስኮት ሊከፍት ሲሞክር የሚነሣውን ጩኸት የማያውቅ የለም። «ዝጋው! ብርድ ይመታናል!» ጉንፋኑም፣ የወገብ ሕመሙም፣ ያልታወቀው ቁርጥማትም የሚሳበበው በነፋስ ነው። ያ መስኮት ሲከፈት የጮኸው ሕዝብ፣ እዚህ መጥቶ የፓርኪንግ ቲኬት እየቆረጠ፣ ቤንዚን እየቀዳ፣ ምግብ በብስክሌት እያደረሰ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከነፋስ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ያድራል። በቴርሞሜትሩ ላይ 30 ሲል፣ ነፋሱ በሰዓት 25 ማይል ከሆነ፣ ያልተሸፈነ ገላ የሚሰማው 16 ነው። በሴልሺየስ ስናስበው ከዜሮ በታች 1 የነበረው ከዜሮ በታች 9 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እቤት መስኮት ላይ ሆናችሁ ፀሐዩን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፤ የዛፉንም ቅርንጫፍ እዩ።

ለነፋሱ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ገበሬው ወገናችን ነፋስን አይሰድብም። አውድማ ላይ የተበራየውን በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ የሚጠብቀው ነፋሱን ነው። ነፋስ ከሌለ ገለባው ከእህሉ አይለይም። እዚህ የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው። ያልታሰረ የቆሻሻ በርሜል ከባለቤቱ ተለይቶ ጎረቤት ይገባል። 5 ዓመት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሰዎች በርሜል ሲመላለሱ ይተዋወቃሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነጠላው ሁሉ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፤ አንዷ እናት የራሳቸውን ሲያሳድዱ የሌላዋን ይዘው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ለሳቅ ነው፤ ያልፋል።

የማያልፈውን ደግሞ እንናገር። መብራት ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚከፋው። በ2006 ዲሴምበር ወር ሲያትልንና አካባቢዋን ከባድ ነፋስ መታ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች መብራት አጡ። ማሞቂያ የሌለው ቤት ቀዘቀዘ። ሰዎች ከሰል አቀጣጥለው ወደ ቤት አስገቡ፤ ሌሎችም ጄኔሬተር ጋራዥ ውስጥ አስነሡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ብዙ ሰው ሆስፒታል አስገባ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። ከተጎዱት ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ነበሩ። «ሲያትል ታይምስ» ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በተለያዩ የስደተኞች ቋንቋዎች በፊት ገጹ ላይ እስከ ማተም ደርሷል። ነፋሱ የሚጥለውን ዛፍ የሸሸ ሰው፣ ዘግቶ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ሞተ።

ከሰል እንግዳችን አይደለም። ቡናው የሚፈላበት፣ ዕጣኑ የሚጨስበት ነው። «ከሰል አፈናቸው» የሚባለውንም አገር ቤት ሰምተነው አድገናል። እዚህ የሚብስበት ምክንያት ቤቱ ነው። የአገር ቤቱ ቤት በግድግዳው ስንጥቅም በበሩ ሥርም ይተነፍሳል። የዚህ አገር ቤት የተሠራው ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍኖ ነው። እኛ ደግሞ ነፋስ ጠላታችን ነው ብለን የቀረችውን ቀዳዳ በፎጣ እንጠቀጥቃለን። ጋዙ ሽታ የለውም፤ መልክ የለውም። ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ያ ብርድ አይደለም። ሁሉም ወዲያው ወደ ውጪ ይውጣ፤ ከዚያ 911 ይደወል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የጋዙን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ገዝታችሁ መኝታ ቤት አጠገብ አድርጉ፤ ያላችሁም ባትሪውን አሁኑኑ ፈትሹ። መብራት ሲጠፋ ከሰልም ጄኔሬተርም ወደ ቤት፣ ወደ ጋራዥ፣ ወደ በረንዳ አይግባ፤ ጄኔሬተሩ ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቁም። በጋዝ ምድጃ ቤት ለማሞቅም አትሞክሩ። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካያችሁ አትቅረቡት፤ ልጆችም እንዳይቀርቡት ያዙ። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ያሏችሁ፣ ወደ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። ከመሣሪያው ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ እንዲያነቡ አትጠብቁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት የምታውቁ ደግሞ ነፋሱ በተነሣ ማታ አንድ ስልክ ደውሉ። ቤታቸው ጨለማ ከሆነ ሄዳችሁ አምጧቸው። ሶፋ ላይ አንድ ሰው ማሳደር ለሐበሻ ቤት አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችን ይህን አገር የጀመርነው በሰው ሶፋ ላይ ነው።

ቡናውንስ? ቡናው መብራቱ ሲመጣ ይፈላል። አንድ ቀን ያለ ቡና ማደር ያስቀይማል እንጂ አይገድልም፤ ምንም እንኳ ይህን የምንጽፈው እየተጠራጠርን ቢሆንም።

ካፖርቱ ደግሞ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በሩ አጠገብ ይንጠልጠል። ፀሐይዋ ስትስቅላችሁ መልሳችሁ ሳቁላት፤ ግን ቁልፋችሁን አትፍቱ። የቆሻሻ በርሜላችሁንም እሰሩ፤ ጎረቤት መተዋወቂያ ሌላ መንገድ አይጠፋም።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሰንብቱ!