ሳይወድቁ ያበጠ ክርን

ክርን አብጦ አልታጠፍ ሲል በደብረ ታቦርና አካባቢዋ ቀድሞ የሚታሰበው ወጌሻ ወይም የወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። በፍል ውሃው አልከራከርም፤ ሙቀት ሕመም ያስታግሳል። የምከራከረው በቅደም ተከተሉ ነው።

ሳይወድቁና ሳይመቱ ያበጠ ክርን የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሪህ፣ የአንጓ ብግነት፣ ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ደግሞ ብሩሴሎሲስ ይጠረጠራሉ። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን ቲቢ ነው። ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል፤ በደም ተጉዞ ክርን ላይ ሲያርፍ ሳል ላይኖር ይችላል። እብጠቱ በወራት ቀስ እያለ ስለሚያድግ ሰው ይታገሠዋል፣ ያሳሸዋል። መታሸቱ መገጣጠሚያውን ይብስ ይጎዳዋል። ዘግይቶ የታከመ ሰው ከቲቢው ቢድንም ክርኑ ደርቆ፣ በዚያ እጁ እንጀራ መጉረስ ሊያቅተው ይችላል። የሚያስቆጨኝ፣ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው በነፃ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሌሊት ላብ የሚያጠምቅዎት፣ ክብደትዎ የቀነሰ ወይም ጠዋት ጠዋት ጣቶችዎ ለረጅም ጊዜ የሚተሳሰሩ ከሆነ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ይንገሩት። ክርንዎ በድንገት ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለዎት ግን ነገ አይበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።