ዕጣ ነው አትበሉን!

የጠፈሩን ጨዋታ ስቴላሪስን የምትጫወቱ ልጆች «ካርታው በዘፈቀደ ነው የሚወጣው» ትላላችሁ። ግማሹ ውሸት ነው! የጋላክሲው ቅርጽ፣ የኮከቦቹ ብዛት፣ የሚያገናኟቸው መስመሮች ብዛት ጨዋታው ሳይጀመር ይመረጣል። ዕጣ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሁሉም ጉዞውን የሚጀምረው በመስመር ብቻ ስለሆነ፣ መገናኛዋን ኮከብ የያዘ መተላለፊያውን ያዘ።

እስቲ ከጠፈር ወደ ወረታ እንውረድ። «መገንጠያ ላይ መሆኗ ዕድሏ ነው» የምትሉ፣ የምን ዕድል? ጣናና ሜዳው የተፈጥሮ ናቸው። በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚያደርሰውን መንገድ ግን በደርግ ዘመን ቻይናዎች ናቸው የሠሩት። ሰው ወስኖ፣ ሰው ቆፍሮ!

ታዲያ የፎገራ ገበሬ በክረምት ሩዙን ይዞ ጭቃ ውስጥ ሲዳክር «ዕጣው ነው» አትበሉን። የመንደሩ መንገድ ካልተሠራ፣ እንዳይሠራ ወይም እንዲቆይ የወሰነ ሰው አለ። እሱን ጠይቁልን።